ጉሬዛዋን ፊቷን ማዞር አይበቃም

ግልጽ ደብዳቤ፦ ጅማ ውስጥ ስቲከር፣ ማሸጊያና ባነር ለምትሰሩ ሁሉ፣ እግረ መንገዱንም ለነጋዴው ወገኔ

ሰላም ለናንተ ይሁን። እኔ ቡና ቆልቼ፣ ፈጭቼ፣ በሩብና በግማሽ ኪሎ አሽጌ የምሸጥ የጅማ ልጅ ነኝ። የድርጅቴን ስም አልጠራም፣ ማስታወቂያ ልትሰራ መጣች እንዳትሉኝ፣ የሌላውንም አልጠራም ምክንያቱም ሰው የማዋረድ ሀሳብ የለኝም፣ ግን አንድ ነገር፣ የአንዱን ማሸጊያ ትንሽ ቀያይሮ ለሌላው ማተም፣ ውስጤን በልቶኛልና ብቻዬን ሳብሰለስለው ከምውል ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

አንዲት ደንበኛ አሉኝ፣ እማማ ነው የምላቸው። ስራውን ከጀመርኩ ጊዜ ጀምሮ ከኔ ሌላ ቡና ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። አንድ ቀን ደወሉና ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡኝ "ልጄ፣ ገብስ መቀላቀል ጀመርሽ እንዴ?" አሉኝ። ደሜ ቀዘቀዘ። ያለሁትን ትቼ ባጃጅ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ረከቦቱ አጠገብ ፓኬቱ ተቀምጧል፣ ቡናማ ነው፣ መሀሉ ላይ ጥቁርና ነጭ ጉሬዛ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ጭራዋን ወደ ታች ለቃዋለች። ከበሩ ላይ ሆኜ ሳየው የኔ ነው የመሰለኝ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የገዛ ማሸጊያዬ! ጠጋ ብዬ ሳነሳው ግን የሷ ፊት ወደ ግራ ነው፣ የኔዋ ወደ ቀኝ ነው የምታየው። ስሙም ሌላ ነው፣ ስልክ ቁጥሩም ሌላ። ለካ እማማ የልጅ ልጃቸውን "ባለ ጉሬዛውን ግማሽ ኪሎ አምጣ" ብለው ልከውታል፣ ልጁም እንደተባለው ባለ ጉሬዛውን ስጠኝ ብሏል፣ ባለሱቁም ባለ ጉሬዛ አንስቶ ሰጥቶታል። ማንም አልዋሸም። እማማ ግን የሰው ቡና ጠጥተው እኔን ተቀየሙ።

ፓኬቱን ይዤ ያተመውን ልጅ ፈልጌ አገኘሁት። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ ቡናም ጋበዘኝ። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሁለቱን ጎን ለጎን አደረጋቸውና በጣቱ እየቆጠረ "እህቴ ሰባት ነገር ቀይሬያለሁ እኮ" አለኝ። ፊቷን አዙሬያለሁ፣ ቡናማውን ፈካ አድርጌዋለሁ፣ ፎንቱ ሌላ ነው፣ ስሙ ሌላ ነው፣ ቅጠሉን አጥፍቻለሁ፣ ዳሩ ላይ መስመር ጨምሬያለሁ፣ ስልኩ ሌላ ነው። ሰባት። ከዛ በኋላ እዛም እዚህም ስጠይቅ ይሄ ነገር ለካ እንደ ህግ ነው የሚወራው፣ አንዱ ሰባት ይላል፣ አንዱ ሰላሳ ፐርሰንት ይላል፣ አንዱ ደግሞ ስሙ ከተቀየረ በቃ ያንተ ነው ይላል። ደብዳቤውን የጻፍኩት በዋናነት ለዚች ነገር ነው። እንዲህ የሚል ህግ የለም። እኛም ሀገር የለም፣ ውጭም የለም። ልዩነት ተቆጥሮ አይደለም የሚፈረደው።

እሺ እንዴት ነው ታዲያ? ሁለት ጥያቄ ነው ያለው፣ አንዱ ስለ ምልክቱ ራሱ ነው፣ ሌላው ስለ ገዢው ጭንቅላት።

የመጀመሪያውን ለመረዳት እኔ በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገራችሁ ምክንያቱም ያኔ ሞኝ ነበርኩ። ስጀምር ማሸጊያዬ ላይ ያጻፍኩት "ንጹህ የጅማ ቡና" ነበር፣ ሁለት ሺህ ስቲከር አሳትሜ! ላስመዝግበው ብዬ ማመልከቻ የሚያዘጋጅ ሰው ጋር ስሄድ ሳቀብኝ። "ንጹህ ምንድነው? ጥራቱ። ጅማ ምንድነው? የመጣበት ቦታ። ቡና ምንድነው? እቃው። አንቺ የቱ ጋ ነሽ?" አለኝ። በጣም ተናደድኩ፣ ማታ ላይ ግን ሳስበው እውነቱን ነው። ያንን ስም ለኔ ብቻ ቢሰጡኝ ከጅማ ዙሪያ፣ ከጎማ፣ ከማና፣ ከሊሙ ቡና አምጥቶ የሚቆላው ሁሉ ምን ብሎ ሊጽፍ ነው? "ንጹህ ያልሆነ የጅማ ቡና" ይበል? የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጁም፣ ቁጥር 501/1998 ነው፣ የእቃውን ዓይነት፣ ጥራት፣ መጠን ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ምልክት አይመዘገብም ይላል። ምልክት ማለት ያንተን እቃ ከሌላው ሰው እቃ የሚለይ ነገር ነው፣ እቃውን የሚገልጽ ቃል ደግሞ የሁሉም ነው። "ጅማ 5" ብላችሁ ስም ለማውጣት ያሰባችሁም እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፣ እሱ በዓለም ገበያ የቡና ደረጃ ስም ነው፣ ተዉት።

አሜሪካኖቹ ይሄን እንደ መሰላል አድርገው ነው የሚያስቡት። እ.ኤ.አ. በ1976 ኒውዮርክ ላይ "ሳፋሪ" የሚለውን ቃል የልብስ ሻጮች ተካሰውበት ፍርድ ቤቱ ያስቀመጠው ነው። ታች ያለው የእቃው የራሱ መጠሪያ ነው፣ እሱ መቼም የማንም አይሆንም። ቀጥሎ እቃውን የሚገልጽ ቃል አለ። ከዛ ቀጥታ ሳይናገር ፍንጭ የሚሰጥ፣ ለምሳሌ ለቡና "ማለዳ" ብትሉት፣ ትንሽ ያሳስባል አይደል። ከዛ በላይ ቃሉ የታወቀ ሆኖ ከእቃው ጋር ምንም የማያገናኘው ነገር አለ፣ ኮምፒውተርን "አፕል" እንደማለት። ጫፉ ላይ ደግሞ ጭራሽ የተፈጠረ ቃል፣ እ.ኤ.አ. በ1888 "ኮዳክ" የተባለው ዓይነት፣ ትርጉም የለውም፣ ለካሜራ ተብሎ የተሰራ ድምጽ ብቻ ነው። ወደላይ በወጣችሁ ቁጥር ምልክቱ ጉልበት አለው፣ አጥሩም ይሰፋል። ደስ የሚለው ደግሞ ቃሉ ብቻውን ደረጃ የለውም፣ ምን ላይ ተለጠፈ ነው ነገሩ። እዛ ክርክር ላይ "ሳፋሪ" ለአንዳንዱ ባርኔጣና ጃኬት የእቃው ተራ መጠሪያ ነው ተባለ፣ ለሌላው እቃ ግን መለያ መሆን ቻለ። ወደኛ ሲመጣ "በርጩማ" ብሎ የእንጨት ወንበር መሸጥ ባዶ ነው፣ የጅማ ወንበር ሰሪ ሁሉ በርጩማ ነው የሚሸጠው፣ "በርጩማ" ብሎ የሞባይል ቤት መክፈት ግን ወይ ጉድ የሚያሰኝ ጠንካራ ስም ነው (ሀሳቡን በነጻ ሰጥቻችኋለሁ)።

የቦታ ስም ጭራሽ አይሆንም ማለት ግን አይደለም፣ ሰው እሱን ስም ሲሰማ ከቦታው አልፎ አንድ የታወቀ እቃ ትዝ እስኪለው ድረስ ብዙ ጊዜ ተሰርቶበት ከሆነ መከራከር ይቻላል። መንግስታችን እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን አሜሪካ ላይ ላስመዝግብ ብሎ አመልክቶ የነሱ ብሔራዊ የቡና ማህበር ተቃወመ። ይርጋጨፌ በ2006 አለፈ፣ ሐረርና ሲዳሞ ግን እነዚህማ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል ተብለው መጀመሪያ ላይ ተመለሱ፣ ስንት ክርክር ተደርጎ፣ በ2007 ከስታርባክስ ጋርም ስምምነት ላይ ተደርሶ ነው በኋላ የተመዘገቡት። ይሄ እንግዲህ ሀገር ነው የተከራከረው። እኔ በሁለት ሺህ ስቲከር "ጅማ"ን ልያዝ ማለቴ ያስቃል አይደል።

ከመሰላሉ መውደቅም አለ። ባጃጅ የህንድ ካምፓኒ ስም ነው፣ እኛ ግን ሌላ ፋብሪካ የሰራውንም ባለ ሶስት እግር ባጃጅ ነው የምንለው። የታሸገ ውሃ ሁሉ ሃይላንድ ነው፣ ባዶው ፕላስቲክ ራሱ ሃይላንድ ነው፣ የልብስ ሳሙና ዱቄት ሁሉ ኦሞ። ለባለቤቱ ደስ የሚል ይመስላል ግን አደጋ ነው፣ አስፕሪን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1921 እንደዚህ ሆኖ ነው ለገዢው ህዝብ የመድኃኒቱ ተራ መጠሪያ ሆኗል ተብሎ የተፈረደበት። እኛ ከተማ አጂፕ ስንል ማን የነዳጅ ካምፓኒ ትዝ ይለዋል? ሰፈር ነው በቃ።

እና ጉሬዛዋ? ጉሬዛ ጅማ ዙሪያ ጫካ ውስጥ ሞልታለች፣ የቡናም ጥላ ላይ ትቀመጣለች፣ ግን ጉሬዛ ቡና አይደለችም፣ ቡናን አትገልጽም። ስለዚህ ለቡና መለያ ጥሩ ቦታ ላይ ነች። ጀበናው፣ የቡና ፍሬው፣ ቅጠሉ፣ ቡናማው ቀለም ግን የኔ አይደለም፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ፣ ነገ ጀበና የሳለ ሁሉ ሰረቀኝ ብል ፍርድ ቤቱ ያባርረኛል፣ ማባረርም አለበት። "አባ ጅፋር"ም እንደዛው ነው። ሆቴሉም፣ ካፌውም፣ የእግር ኳስ ክለቡም በሱ ይጠራል፣ ከብዙ ሰው ጋር የምትጋራው ቃል ላይ ሰፊ አጥር ማጠር አይቻልም፣ ሰው አይኑን የሚጥለው ከስሙ ጎን ያለው ሌላው ነገር ላይ ነው። (አባ ጅፋር ራሱ የፈረስ ስም ነው፣ ንጉሡም መለያቸውን ያገኙት ከፈረሳቸው ነው ማለት ነው፣ ይሄ ሁሌ ያስገርመኛል።)

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ልምጣ፣ ልጁ በሰባት ጣቱ የተሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እሱ ሁለቱን ፓኬት ስክሪን ላይ ጎን ለጎን አድርጎ ነው ያየው። እማማ ጎን ለጎን አይተው አያውቁም! እማማ ቤት ያለው አንድ ፓኬት ነው፣ እሱም አልቆ ተጥሏል፣ በጭንቅላታቸው የቀረው ጥቁርና ነጭ የሆነች፣ ጭራዋ የተንጠለጠለ ጉሬዛ ነች። ወደ ቀኝ ታይ ወደ ግራ ታይ ማን ያስታውሳል? እናንተ ራሳችሁ አሁን አይናችሁን ጨፍኑና የድሮው መቶ ብር ላይ የነበረው ሰውዬ ወዴት ነበር የሚያየው ብላችሁ መልሱልኝ። የአውሮፓ ህብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1999 በአንድ የጫማ ክርክር ላይ ይሄንኑ ነው ያለው፣ ገዢ ሁለቱን ምልክት አጠገብ ለአጠገብ የማወዳደር እድል የሚያገኘው ስንት ጊዜ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመካው አእምሮው ውስጥ በቀረው ጎደሎ ምስል ላይ ነው። ስለዚህ የሚመዘነው አጠቃላይ የሚተወው ስሜት ነው፣ ጎልቶ የሚታየው ክፍል የበለጠ ይከብዳል፣ ትንንሹ ልዩነት ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ስሙ ነው፣ ሰው እቃ የሚጠራው በስም ስለሆነ፣ የኛ ሱቅ ላይ ግን ባለ ግመሉን፣ ባለ ቀዩን፣ ባለ ኮከቡን እያለ የሚገዛ ስንት ሰው አለ፣ በተለይ ህጻን የሚላክበት እቃ ላይ። እዛ ጋ ስዕሉ ነው ስሙ።

ድምጽም አለ። አንዳንዶቻችሁ ደንበኛ መጥቶ "እንደዛኛው አድርግልኝ" ሲላችሁ ፊደል ትቀይራላችሁ አይደል? "ፀሐይ" ነበር፣ "ጸሀይ" ታደርጉታላችሁ። ፀሐዩን ፀ በጸሎቱ ጸ፣ ሐመሩን ሐ በሃሌታው ሀ ቀይረን አመለጥን ነው? ጆሮ እኮ ሀ እና ሐ አይለይም! ሂርማታ መርካቶ ግርግር ውስጥ ሆኖ "ፀሐይ ስጠኝ" ብሎ የጮኸ ሰው በየትኛው ፀ እንደጮኸ ማን ያውቃል። ላቲኑም እንደዛው፣ በቲ ኤስ ጻፉት በኤስ ብቻ ጻፉት ድምጹ አንድ ነው። ጅማ ላይ ደግሞ አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ሰዉ ሁለት ቋንቋ በአንድ አፍ ነው የሚናገረው። አንዱ በአማርኛ "ፀሐይ" ብሎ ሳሙና እየሸጠ ሌላው በኦሮምኛ "አዱ" ብሎ ጸሀይ ስሎ ሳሙና ቢያወጣ፣ በድምጽ አይመሳሰሉም በፊደል አይመሳሰሉም፣ ግን ለሚሰማው ጅማ ሰው ትርጉሙ ያው ነው፣ የዛኛው ሰውዬ በኦሮምኛ ያወጣው ነው ብሎ ቢያስብ አትፈርዱበትም። ይሄም መምታታት ነው። ሰው ይሄኛው እቃ ያኛው ነው ብሎ መሳሳት ብቻ ሳይሆን ሁለቱ የአንድ ሰው ናቸው፣ ወይ ዝምድና አላቸው ብሎ መገመቱም ይቆጠራል።

እቃው መቀራረቡ ሌላው ነው። በዓለም አቀፉ አመዳደብ 45 ክፍል አለ፣ ቡና 30ኛው ውስጥ ነው፣ የካፌና የምግብ ቤት አገልግሎት 43ኛው። ቁጥሩ ስለተለያየ ሰላም ነው ማለት አይደለም፣ የተቆላ ቡና ላይ ያለች ጉሬዛ ካፌ በር ላይ ብትሰቀል ሰው የኔ ካፌ ነው ይላል፣ የጎማ መሸጫ ላይ ብትሰቀል ግን ማንም አይልም። ምልክቶቹ በጣም ከተመሳሰሉ እቃው ትንሽ ቢራራቅም ያምታታል፣ እቃው አንድ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ትንሽ መመሳሰልም ይበቃል፣ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። የገዢው ጥንቃቄም ይታያል፣ የቡና መፈልፈያ ማሽን የሚገዛ ሰው ሶስት ቦታ ዞሮ፣ ፕሮፎርማ ሰብስቦ፣ መካኒክ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እሱን ማሳሳት ይከብዳል። ግማሽ ኪሎ ቡና ግን የሚገዛው አንድ እጁ ላይ ዳቦ በያዘ ህጻን ነው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1961 በፖላሮይድ ክርክር ላይ ስምንት መመዘኛ ተቀምጧል፣ እዛ ውስጥ በተግባር የተሳሳተ ሰው መኖሩና የተከሳሹ ቅን ልቦናም ይገኛሉ። የተሳሳተ ሰው መኖሩ ግዴታ አይደለም፣ ሊሳሳት የሚችል መሆኑ በቂ ነው፣ ግን ካለ ትልቅ ማስረጃ ነው፣ እማማ ማስረጃዬ ናቸው። ቅን ልቦና የተባለው ደግሞ እናንተን ይነካል፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ የኔ ፋይል ተከፍቶ "ሴቭ አዝ" ተብሎ ጉሬዛዋ ዞራ ከወጣች፣ ማን ነው በአጋጣሚ ተመሳሰለ የሚለው?

ስለዚህ የምለምናችሁ። የአንዱን ደንበኛ ፋይል ለሌላው መነሻ አታድርጉት፣ ጊዜ እንደሚቆጥብ አውቃለሁ፣ ደንበኛውም "ያንን የመሰለ" ብሎ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፣ ግን ያንን የመሰለ ሲላችሁ ምን እየጠየቃችሁ እንደሆነ እወቁት። ስትጨርሱ ለጎረቤት ሱቅ ልጅ ለሶስት ሰከንድ አሳዩትና ደብቁት፣ ምን አየህ በሉት፣ "የነ እንትናን ቡና" ካለ ሰባት ሳይሆን ሰባ ነገር ብትቀይሩም ዋጋ የለውም። ደንበኛውን ምልክትህ ተመዝግቧል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ንግድ ፈቃድ አውጥቻለሁ፣ የንግድ ስሜም ተመዝግቧል ካላችሁ እሱ ሌላ ነው፣ የንግድ ስም ድርጅቱ የሚጠራበት ነው፣ የንግድ ምልክት እቃው ላይ የሚለጠፈው ነው፣ እሱ የሚመዘገበው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው፣ ለ7 ዓመት ነው የሚሰጠው፣ ከዛ ይታደሳል። አልተመዘገበም ብሎ መድፈርም አያዋጣም፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ 813/2006 ከሌላ ነጋዴ እቃ ጋር የሚያምታታ ድርጊትን በራሱ ከልክሏል።

ነጋዴው ወገኔ፣ ላንተም አንድ ቃል አለኝ። ስም ስታወጣ እቃህን አትግለጽ። እቃህንማ ከፍቶ ያየዋል። አዎ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ "ጉሬዛና ቡና ምን አገናኘው" ብለው ስንቴ ሳቁብኝ፣ ያ ያልተገናኘው ነገር ነው ዛሬ የምከራከርበት። "ምርጥ"፣ "ልዩ"፣ "ንጹህ"፣ "የጅማ" እያልክ ብታጻፍ ነገ ጎረቤትህ ያንኑ ቢጽፍ አፍህን ይዘህ ነው የምትቀረው።

ያተመው ልጅ በመጨረሻ ሮሉ ሲያልቅ አላድሰውም ብሎኛል፣ ሌላ ስዕል እሰራላቸዋለሁ አለ፣ ቃሉን እጠብቃለሁ። እማማ ግን እስከዛ አልጠበቁም። ባለፈው ቤታቸው ስሄድ ከኔ ባዶ ፓኬት ላይ ጉሬዛዋን በመቀስ ቆርጠው አገኘኋቸው፣ ልጁን ሲልኩት ብሩን በሷ ጠቅልለው ነው የሚሰጡት፣ ሱቅ ደርሶ ከፓኬቱ ጋር አስጠግቶ ያያታል፣ ወደ ቀኝ የምታየውን ነው የሚያመጣው።

ከሰላምታ ጋር
ቡና ቆይዋ፣ ጅማ